የሕፃን ስም አመራረጥ፦ ከቤተሰብ ምክክር እስከ ልደት ምዝገባ

ስም አውጥተው የጨረሱ ወላጆች ከወራት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ችግሮች በአንዱ ይያዛሉ። አንደኛው፣ ለብቻው ሲጠራ ያማረው ስም ከአባት ስም ጋር ሲነበብ ያልታሰበ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በክትባት ካርድ፣ በልደት ምስክር ወረቀትና በፓስፖርት ላይ አንዱ ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ መገኘቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ትርጉሙ በወሬ የተያዘው ስም፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሲሰማው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ሦስቱም የሚመጡት ስሙ በጆሮ ብቻ ተመርጦ፣ በወረቀት ላይ ሳይፈተን ወደ መዝገብ ስለሚሄድ ነው። ይህ መመሪያ የልጅ፣ የአባትና የአያት ስም ተከታትለው ለሚጻፉበት የኢትዮጵያ አሠራር የተዘጋጀ ነው። ደረጃዎቹ አንዱ በሌላው ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ቅደም ተከተላቸውን አታዛቡ።

ከመጀመር በፊት የሚዘጋጅ

ሥራውን እናት ከምትወልድበት ጊዜ ሁለት ወር ያህል ቀድማችሁ ጀምሩ። በቅድሚያ የአባቱን መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አውጡና የአባትና የአያት ስም በአማርኛም በላቲንም እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ይህን ከትዝታ አትጻፉ፤ ሰው የገዛ ስሙን በመታወቂያው ላይ ካለው በተለየ ፊደል የመጻፍ ልማድ አለው። በአባቱ ሰነዶች መካከል ልዩነት ካለ፣ ለምሳሌ በአንዱ «ንጉሤ» በሌላው «ንጉሴ» ከሆነ፣ የልጁ ስም ከመመዝገቡ በፊት የትኛው ሰነድ እንደሚጸና ወስኑ፤ አለዚያ የአባት ችግር ወደ ልጅ ይወርዳል።

ከዚህ ቀጥሎ በሁለቱም ወገን ያሉትን የቅርብ ዘመድ ልጆች ስም ዘርዝሩ። ከአባት ወንድም ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ስም ያለው ልጅ የአያት ስሙም አንድ ስለሚሆን፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ መዝገብ ሁለቱን የሚለያቸው የአባት ስም ብቻ ይሆናል።

ምጥ ቀድሞ ቢመጣና ስሙ ገና ያልተወሰነ ቢሆን አትደናገጡ። ጤና ተቋማት ስም ያልወጣለትን ሕፃን በእናቱ ስም መዝግበው ያቆያሉ። ካርድ የሚሞላው ባለሙያ ሲጠይቃችሁ ለጊዜው በማለት ያልተስማማችሁበትን ስም አትናገሩ፤ ለጊዜው የተባለው ስም በካርዱ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ወሳኙ ማን እንደሆነ ተስማሙ

በብዙ ቤት ስም የማውጣት ክብር የአያቶች ነው፣ በሌላው የአባት ነው፣ በሌላው ደግሞ ሁለቱ ወላጆች ይመክሩበታል። የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም፤ ችግር የሚሆነው አያት ስም ካወጡ በኋላ ወላጆች በድብቅ ሌላ ስም ሲያስመዘግቡ ነው። ስለዚህ ገና ዝርዝር ሳታወጡ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ቁርጥ ያለ መልስ ስጡ፦ በመዝገብ የሚገባውን ስም የሚወስነው ማን ነው? የቀሩት ዘመዶች የሚያወጡት ስምስ ምን ይደረጋል?

ለሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ስሞቹን በየቦታቸው ማስቀመጥ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ የመዝገብ ስም፣ የቤት ስም፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ከሆነም የክርስትና ስም ሊኖረው ይችላል። የክርስትና ስም ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀናቸው ሲጠመቁ የሚሰጥ ስለሆነ ከመዝገብ ስም ጋር መወዳደር የለበትም። አያት የመረጡት ስም የቤት ስም ሆኖ እንዲጸና መስማማት ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን ለአያት በግልጽ፣ በአክብሮት፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት ንገሯቸው። ከተወለደ በኋላ የሚነገር ከሆነ አያት የሚሰሙት ምርጫቸው መጣሉን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በመዝገብ ላይ አንድ ስም ብቻ አስገቡ። ሁለት ስም በሰረዝ ወይም በቅንፍ ማስጻፍ ለጊዜው ሁሉንም ያስደስታል፤ ቅጽ በተሞላ ቁጥር ግን አንዱ ይወድቃል፣ የሚወድቀውም ሁልጊዜ ተመሳሳዩ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ዝርዝር አውጡ

እናትና አባት ሳይተያዩ አሥር አሥር ስም ይጻፉ፤ ለወንድም ለሴትም። የአልትራሳውንድ ውጤት ተነገረን ብላችሁ የአንዱን ጾታ ዝርዝር አትተዉ። ከዚያ ተለዋወጡና እያንዳንዳችሁ ፈጽሞ የማትፈልጉትን ስም ያለ ማብራሪያ ሰርዙ። ማብራሪያ አትጠይቁ፤ አንድ ስም የሚያስታውሰው ሰው ወይም ዘመን የማይነገር ሊሆን ይችላል። የቀሩት ከአምስት ካነሱ ዙሩን ድገሙ።

ደረጃ 3፦ ትርጉሙን ከሚያውቅ ሰው አጣሩ

ከቀሩት ስሞች አጠገብ እያንዳንዱ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ ጻፉ፤ ትርጉሙንም ቋንቋውን ከሚናገር ወይም መጽሐፉን ከሚያነብ ሰው ጠይቁ። በማኅበራዊ መገናኛ የሚዞሩት የስም ዝርዝሮች አንዱ ከሌላው የተቀዱ ናቸው፤ ለማይታወቅ ስም ሁሉ «የእግዚአብሔር ስጦታ» የሚል ትርጉም ሲሰጡ ይታያል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ስም ስትመርጡ ስሙ የተጠቀሰበትን ቦታ ገልጣችሁ አንብቡ። «ማራ» ለጆሮ ለስላሳ ነው፤ በሩት 1፥20 ግን ኑኃሚን ሐዘኗ ቢከብድባት ራሷን የጠራችበት ስም ሲሆን መራራ ማለት ነው። «ያቤጽ» በአንደኛ ዜና መዋዕል 4፥9 እናቱ በጣር ስለወለደችው የተሰጠው ስም ነው። «ኢካቦድ» ክብር ከእስራኤል ለቀቀ ተብሎ በመርዶ ሰዓት የወጣ ነው። ራሔል በሞት ጣር ላይ ሆና ልጇን የኀዘኔ ልጅ ስትል «ቤንኦኒ» ብላው ነበር፤ አባቱ ያዕቆብ ግን ብንያም አለው፣ ልጁም የተጠራው በዚሁ ነው።

ይህን ስል እያንዳንዱ ጥንታዊ ትርጉም ስሙን ይጥለዋል ማለቴ አይደለም። ራሔል በዕብራይስጥ በግ፣ ዲቦራ ደግሞ ንብ ማለት ነው፤ ሁለቱም ግን በተሸከሟቸው ሴቶች የከበሩ ስሞች ናቸው። መመዘኛው እንዲህ ይሁን፦ ትርጉሙ ከባለታሪኩ ሕይወት የተለየ ተራ ቃል ከሆነ ስሙን አትጣሉ፤ ስሙ የወጣው ለመርዶ ወይም ለእርግማን ሆኖ ታሪኩም ይህንኑ የሚናገር ከሆነ ተዉት።

በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ «አብዱ» በሚል የሚጀምር ስም ስትመርጡ ተከታዩ ቃል ከአላህ ስሞች አንዱ መሆኑን ከዐሊም አረጋግጡ፤ ከአላህ በቀር የሌላ አገልጋይ የሚያሰኝ ስም አይፈቀድምና።

ከሌላ የኢትዮጵያ ቋንቋ ስም ስትወስዱ ከትርጉሙ በተጨማሪ ጾታውን አጣሩ። በአማርኛ በካዕብ ድምፅ የሚያልቁ እንደ ፍቅሩና ዓለሙ ያሉ ስሞች የወንድ ስለሆኑ፣ የአማርኛ ተናጋሪ የኦሮምኛዎቹን ጫልቱንና ቦንቱን የወንድ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ሁለቱም የሴት ናቸው። ገመቹ ግን በዚያው ድምፅ እያለቀ የወንድ ነው። በትግርኛ «ለተ» ብሎ የሚጀምር ስም፣ ለምሳሌ ለተብርሃን፣ የሴት ነው፤ ሓጎስ ደግሞ ደስታ ማለት ሆኖ የወንድ ነው፣ በአማርኛ ደስታ ለሁለቱም ጾታ ቢወጣም።

ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ ስሙን በይደር አቆዩት። ደረጃ 8 ላይ ስትደርሱም ያልተገኘ ከሆነ አውጡት።

ደረጃ 4፦ ከአባትና ከአያት ስም ጋር አንብቡ

አብዛኛው ወላጅ የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው፤ የሚጸጸተውም በዚሁ ነው። የአማርኛ ስሞች ብዙዎቹ ራሳቸው ግስ ወይም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆኑ፣ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ሦስተኛ ትርጉም ይወልዳሉ። የአባት ስም «አሸብር» ከሆነ «ሰላም» የተባለች ልጅ በትምህርት ቤት ስም ጥሪ «ሰላም አሸብር» እየተባለች ትጠራለች። የአባት ስም «ይበቃል» በሆነበት ቤት «ሕይወት»፣ «ደስታ»፣ «ፍቅር» እና «ተስፋ» የተባሉት መልካም ስሞች ሁሉ ክፉ ንባብ ያገኛሉ። በአንጻሩ የአባት ስም «በዛብህ» ከሆነ «ጸጋ»፣ «ሰላም» እና «ደስታ» ምርቃት ይሆናሉ።

አሠራሩ የሚከተለው ነው።

1. እያንዳንዱን ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር በአንድ መስመር፣ ያለ ሥርዓተ ነጥብ ጻፉ።

2. ስማችሁን የማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነበው አድርጉ። እናንተ ራሳችሁ ብታነቡ ስም እንደሆነ ስለምታውቁ ጆሯችሁ ዓረፍተ ነገሩን አይሰማም።

3. የአባቱን ስም ትታችሁ የልጁን ስም ከአያት ስም ጋር አንብቡ። በውጭ አገር ቅጾች የቤተሰብ ስም በሚጠየቅበት ቦታ የአያት ስም ሲገባ ልጁ በዚህ መልክ የሚጠራበት ጊዜ አለ።

4. የልጁን ስም በአባት ስም ቦታ አስቀምጡት። ዛሬ ያወጣችሁለት ስም ነገ የልጆቹ መጠሪያ ሁለተኛ ክፍል ይሆናል፤ «ሰላም»፣ «ሄለን»፣ «ናትናኤል» ከፊቱ አድርጋችሁ አንብቡት።

5. «አቶ»፣ «ወይዘሮ»፣ «ዶክተር» የሚሉትን ከፊቱ ጨምሩ። ማሙሽ፣ ሚሚ፣ ቤቢ የመሰሉ የማቆላመጫ መጠሪያዎች በቤት ውስጥ ፍቅር ናቸው፤ የመዝገብ ስም ሲሆኑ ግን ባለቤታቸው በአርባ ዓመቱም ሕፃን ተብሎ እንዲጠራ ያስገድዱታል።

ንባቡ ክፉ ሆኖ ስሙን ግን መተው ካልቻላችሁ፣ ሥሩን ሳትለቁ መልኩን ለውጡ። «ሰላም» ካልሆነ «ሰላማዊት»፣ «ሕይወት» ካልሆነ «ማሕየዊት»፣ «ፍቅር» ካልሆነ «ፍቅርተ» ሊሆን ይችላል። አንዲት ፊደል ስትጨመር ዓረፍተ ነገሩ ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ለውጡን ካደረጋችሁ በኋላ ግን ከተራ ቁጥር 1 ጀምራችሁ እንደገና አንብቡ።

ደረጃ 5፦ የሚወገዱትን ለዩ

በዚህ ደረጃ ወላጆች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አይኖራቸውም፤ እኔም ፍርዴን አልደብቅም።

የወላጅን ሐዘን ወይም ጠብ የሚሸከም ስም። ማስረሻ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሞተን ልጅ ወይም ዘመድ የሚያስቡ ስሞች ናቸው። ስንታየሁና ብዙአየሁ የእናትን መከራ ይናገራሉ። ታዘባቸው ለጎረቤት ወይም ለዘመድ የተላከ ቃል ነው። እነዚህ ስሞች በአማርኛ ውበት የተሠሩ ናቸው፣ በክብር የሚጠሩባቸውም ብዙ ሰዎች አሉ፤ የተሰየመበትን ሰው ማንም ሊያሳፍር አይገባም። ለአዲስ ልጅ ስትመርጡ ግን ይህን ጠይቁ፦ ልጁ «ስምህ ለምን ይህ ሆነ?» ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር የሚናገረው የራሱን ታሪክ ነው ወይስ እርሱ ያልነበረበትን ሐዘን? ሐዘኑን ማሰብ ከፈለጋችሁ በቤት ስም አስቡት። የሞተውን ልጅ ስም እንዳለ ለተተኪው መስጠትን ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ ልጁ በሌላ ሰው ስም ተተክቶ እንደመጣ እያሰበ ያድጋል፣ የሁለቱ ሰነዶችም ይቀላቀላሉ።

መውለድ መብቃቱን የሚያውጅ ወይም ጾታው ያልተፈለገ መሆኑን የሚያሳብቅ ስም። ልጅ ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ያለ ማመንታት ሰርዙት።

የዘመን ፖለቲካ ስም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ አብዮት፣ ዘመቻ የሚሉ ስሞች ወጥተዋል። ዘመኑ ሲያልፍ ስሙ ባለቤቱን የአንድ ወገን ያስመስለዋል። በሕይወት ያለ ባለሥልጣን ስምም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ነገ የሚሠራውን ዛሬ አታውቁም።

ከወንድም ወይም ከእኅት ስም ጋር የተቀራረበ ስም። ሰላምና ሰላማዊት ሁለቱም «ሰሊ» ይባላሉ፤ በተለይ ለመንትዮች በአንድ ፊደል የሚለያዩ ስሞችን አታውጡ። የትውልድ ቀናቸው፣ የአባታቸው ስምና አድራሻቸው አንድ ስለሆነ በጤና ካርድ ላይ የሚለያቸው የገዛ ስማቸው ብቻ ነው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው እስከመሰጠት የሚያደርስ ስሕተት በዚህ በኩል ሊገባ ይችላል።

የፋሽን ስም። ይህን ለእናንተ እተወዋለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ሶስና መኖሩ የማያስቸግራችሁ ከሆነ አውጡ።

ደረጃ 6፦ በግዕዝ ፊደል አንድ ጊዜ ወስኑ

አማርኛ በንባብ አንድ የሆኑ፣ በጽሑፍ ግን የሚለያዩ ፊደላት አሉት፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ሰው ሲያነባቸው ልዩነት የላቸውም፤ ለኮምፒውተር ግን ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሐሤት» ተብላ የተመዘገበች ልጅ «ሀሴት» ተብላ ስትፈለግ ከመረጃ ቋቱ ላትገኝ ትችላለች፤ ፈላጊው ደግሞ ስሟን «ሃሴት» ወይም «ሐሴት» ብሎም ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ፦

1. ስሙን በትክክለኛው ሥረ ፊደል ጻፉ። ለምሳሌ ኃይል በኀ ዘር፣ ፀሐይ በፀና በሐ፣ ጸሎትና ጸጋ በጸ፣ ሥላሴና ንጉሥ በሠ፣ ዓለም በዐ ዘር፣ ሕይወትና ምሕረት በሐ፣ ዮሐንስና ሐና በሐ ይጻፋሉ። ትዕግሥት ደግሞ ዕ እና ሥ አላት። ከተጠራጠራችሁ ግዕዝ የተማረ ሰው ወይም መዝገበ ቃላት ጠይቁ።

2. የአባት ስም በዚህ ደንብ አይታረምም። በመታወቂያው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ከተጻፈ በልጁም ላይ «ሀይሉ» ይጻፍ። የልጁን ስም በትክክል፣ የአባቱን በሰነዱ መሠረት ጻፉ፤ ይህ የፊደል አዋቂን ቅር ቢያሰኝም ልጁን ከብዙ እንግልት ያድነዋል።

3. በገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ሣህለ፣ ፍቅረ፣ ሀብተ የሚጀምሩ ጥምር ስሞችን ሳትከፍሉ እንደ አንድ ቃል ጻፉ፦ ገብረሥላሴ፣ ወለተማርያም። ክፍተት ከገባ፣ ቅጹን የሚሞላው ሰው ወይም ኮምፒውተሩ «ገብረ»ን የልጅ ስም፣ «ሥላሴ»ን የአባት ስም ያደርግና አባት ወደ አያት ቦታ ተገፍቶ አያት ይጠፋል። አብዱራሕማንና ኑረዲንም እንዲሁ ሳይከፈሉ ይጻፉ።

የወሰናችሁትን ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል በወረቀት ላይ አትሙ። ይህ ወረቀት እስከ ደረጃ 9 ድረስ አይለያችሁ።

ደረጃ 7፦ የላቲን አጻጻፉን አሁኑኑ ወስኑ

«ፓስፖርት ሲያስፈልገው እናስብበታለን» አትበሉ። ፋይዳ መታወቂያ ስምን በአማርኛም በላቲንም ይይዛል፤ ትምህርት ቤትም የራሱን ይጽፋል። እናንተ ካልወሰናችሁ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በመሰለው ይወስናል፣ በእያንዳንዱ ቢሮም የተለየ ሰው ተቀምጧል።

አደጋው ያለው በጥቂት ድምፆች ላይ ነው። ጸ እና ፀ አንዳንዱ በ«ቲኤስ»፣ ሌላው በ«ቲዜድ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጽፋቸዋል። ቀ በ«ኬ» ወይም በ«ኪው» ይጻፋል። ሳድስ ድምፅ አንዳንዴ በ«አይ»፣ አንዳንዴ በ«ኢ» ይጻፋል፣ አንዳንዴም ይተዋል፤ ስለዚህ እንደ ትዕግሥት ያለ ሳድስ የበዛበት ስም በላቲን ብዙ ዓይነት መልክ አለው። ጠ እና ተ በተለመደው አጻጻፍ ሁለቱም «ቲ» ይሆናሉ፣ ልዩነታቸውም ይጠፋል።

የኦሮምኛ ስም ከሆነ አንድ ተጨማሪ ውሳኔ አለባችሁ። በቁቤ፣ ማለት ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ «ሲ» ብቻዋን የጨን ድምፅ፣ «ሲኤች» ደግሞ የቸን ድምፅ ትወክላለች፤ ረጅም አናባቢም ይደገማል። ስለዚህ ጫልቱ በቁቤ በ«ሲ» ትጀምራለች፣ በእንግሊዝኛ ልማድ ግን በ«ሲኤች» ትጀምራለች። ሁለቱንም መጠቀም አይቻልም። የቁቤውን ከመረጣችሁ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጀምሮ እርሱን ብቻ ተጠቀሙ።

አጻጻፉን ስትመርጡ እነዚህን ፈትሹ።

1. የአባትና የአያት ስም ከአባቱ ፓስፖርት ጋር በእያንዳንዱ ፊደል አንድ ይሁን፤ የወንድምና የእኅት ሰነድም ከዚሁ ጋር ይስማማ። ቤተሰብ አብሮ ሲጓዝ ወይም የቪዛ ማመልከቻ ሲያስገባ የአባት ስም ልዩነት ዝምድናን ያጠራጥራል።

2. ዕን ለማሳየት ተብሎ ከፊደላት በላይ የምትገባውን ጭረት አታስገቡ። በፓስፖርቱ ግርጌ ባለው በማሽን የሚነበብ መስመር ላይ እርሷ አትጻፍም፣ የአውሮፕላን ትኬትና ፓስፖርትም ሊለያዩ ይችላሉ።

3. ርዝመቱን ቁጠሩ። በዚያው መስመር ላይ ለስም የተመደበው ቦታ፣ መለያ ምልክቶቹን ጨምሮ፣ 39 ነው። ልጅ፣ አባትና አያት ሦስቱም ጥምር ስም ከሆኑ ቦታው ሊሞላና መጨረሻው ሊቆረጥ ይችላል። በአጻጻፍ ሊቀር የሚችል ድርብ ፊደል ካለ አስቀሩ።

4. በላቲን የተጻፈውን ለእንግሊዝኛ አንባቢ አሳዩ። አስናቀ፣ አስቴር፣ አስፋው በአማርኛ የተከበሩ ስሞች ናቸው፤ መነሻቸው ላይ «ኤስ» ከተደረበ ግን በእንግሊዝኛ የስድብ ቃል ይወጣል። በአንድ «ኤስ» መጻፍ ችግሩን ያቃልለዋል። ለአማርኛ ጆሮ መልካም የሆነን ስም ለባዕድ ጆሮ ብሎ መጣል ግን አያስፈልግም፤ አጻጻፉን ማስተካከል ይበቃል።

ደረጃ 8፦ አንድ ሳምንት ጥሩበት

ሁለት ወይም ሦስት ስም ሲቀራችሁ እያንዳንዱን በቤት ውስጥ ጥሩበት። ከደጅ ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ በስልክ ላይ ለማያውቀው ሰው ንገሩትና ስንት ጊዜ ድገሙልኝ እንዳለ አስተውሉ። በቁልምጫ ምን እንደሚሆን ገምቱ፤ ቤተልሔም ቤቲ፣ ዳንኤል ዳኒ፣ ተስፋዬ ተስፍሽ መሆናቸው አይቀርም፣ ቁልምጫው ካስጠላችሁም ስሙን ተዉት። የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዘመድ ካለ ጠይቁት፤ በክፍል ውስጥ ለማሾፊያ የሚውለውን ቃል ከአዋቂ ይልቅ እርሱ ፈጥኖ ይነግራችኋል።

ደረጃ 9፦ አስመዝግቡ

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ ይመዘገባል። የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ። ጤና ተቋሙ የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ፣ የወላጆችን መታወቂያና በደረጃ 6 እና 7 የተዘጋጀውን ወረቀት ይዛችሁ ወደ መኖሪያ አካባቢያችሁ የክብር መዝገብ ሹም ሂዱ። አባት ባይገኝ ወይም ወላጆች አብረው ባይኖሩም ምዝገባውን አታዘግዩ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ስም ማግኘትን የእያንዳንዱ ሕፃን መብት አድርጎ ደንግጓል።

1. ስሙን በቃል አትንገሩ። ወረቀቱን ስጡና ከዚያ ላይ እንዲገለበጥ በትሕትና ጠይቁ። በቃል የተነገረ «ሐና» በምን ፊደል እንደሚጻፍ ጸሐፊው ሊያውቅ አይችልም።

2. ከመፈረማችሁ በፊት መዝገቡን ወይም የኮምፒውተሩን ገጽ እንዲያሳይዋችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የልጁን፣ ከዚያ የአባትን፣ ከዚያ የአያትን ስም ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ቀጥሎ ጾታን፣ በመጨረሻም የትውልድ ቀንን ተመልከቱ። ከኋላችሁ ሰልፍ ቢኖርም አትቸኩሉ።

3. ምስክር ወረቀቱ ሲታተም ከቢሮው ሳትወጡ እንደገና አንብቡ። መዝገቡ ትክክል ሆኖ ሕትመቱ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ።

4. በዚያው ቀን ምስክር ወረቀቱን በስልካችሁ አንሱና ቅጽ በሞላችሁ ቁጥር ከዚያ ላይ ገልብጡ። የክትባት ካርዱ ላይ ያለው ስም ከተለየ በሚቀጥለው የክትባት ቀጠሮ እንዲስተካከል ጠይቁ።

ሲበላሽ የሚደረገው

ከመፈረም በፊት የታየ ስሕተት። ወዲያው አሳዩ፤ ቅጹ እንደገና እንዲሞላ ጠይቁ። ከላዩ ላይ በእስክሪብቶ የታረመ ሰነድ አትቀበሉ፤ ሌላ መሥሪያ ቤት የተፋቀ ሰነድ ነው ብሎ ይመልሰዋል።

ከታተመ በኋላ የታየ የፊደል ስሕተት። ዋናውን ምስክር ወረቀትና የወላጆችን መታወቂያ ይዛችሁ ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ተመለሱ፣ ጥያቄውንም በጽሑፍ አቅርቡ። መጀመሪያ የሚጣራው ስሕተቱ በመዝገቡ ላይ ነው ወይስ በሕትመቱ ላይ ብቻ የሚለው ነው፤ በሕትመቱ ላይ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። በዚህ መካከል በተሳሳተው ሰነድ መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም የባንክ ደብተር አታውጡ፤ አንድ የነበረው ስሕተት በእያንዳንዱ ይባዛል።

ቤተሰቡ በሌላ ስም መጥራት ከጀመረ። መዝገቡን ለመለወጥ አትሩጡ። የመዝገብ ስሙን በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ብቻ እየተጠቀማችሁ፣ ልጁ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሁለቱንም ስሞቹን እንዲያውቅ አስተምሩት። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ፣ በትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን ስሙ ሲጠራ የራሱ መሆኑን ሳያውቅ ዝም የሚል ልጅ አለ።

ወላጆች በስሙ ከተጸጸቱ። ልጁ ገና ሕፃን ከሆነና በስሙ ሌላ ሰነድ ካልወጣ ፈጥናችሁ ወስኑ፤ እያንዳንዱ አዲስ ሰነድ ለውጡን ያከብደዋል። የስም ለውጥ የሚጸናው በፍርድ ቤት ስለሆነ፣ ምክንያታችሁን በግልጽ የሚያስረዳ ማመልከቻ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የሁለቱንም ወላጆች ስምምነት አዘጋጁ። አዲሱን ስም ከማመልከቻው ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ከደረጃ 3 እስከ 8 ያለውን ፈተና ሁሉ አሳልፉት፤ አንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ለሁለተኛ ለውጥ አሳማኝ ምክንያት ማቅረብ ይከብደዋል። ውሳኔው ሲወጣ የተረጋገጡ ግልባጮችን ደርባችሁ ውሰዱ፦ አንዱን ለመዝገብ ሹሙ፣ አንዱን ለጤና ተቋሙ ስጡ፣ አንዱን ደግሞ ከቀድሞው ምስክር ወረቀት ጋር አያይዛችሁ ልጁ ለራሱ እስኪረከበው ድረስ በቤት አስቀምጡ።